ግራና ገራ

ሸዋገነት አመሻሽ ላይ ምስር ስትለቅም ላየ ሰው ምስር የምትለቅም ይመስለዋል። እጇ ነው እንጂ ምስሩ ላይ ያለው፣ ልቧስ የት ሄዶ! እሷ የምትለቅመው የዋለችበትን ነው። የእኒያ ሽማግሌ እግር ላይ ያሰርኩት ፋሻ ጠበቀባቸው ይሆን? ያቺን ነፍሰ ጡር ውሃው በደንብ ሳይሞቅ ነው ያጠብኳት። ጥጡ ከእጄ ወድቆ መሬት ነክቶ ነበር። ኧረ አልነካም። ኧረ ነክቷል። እንዲህ እያለች አንዷን ጥፋት ታነሳለች፣ አገላብጣ ታያታለች፣ ትጥላታለች፣ ደግሞ መልሳ ታነሳታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምስሩ እኮ ከጸዳ ቆየ!» ይሏታል ቤት ያከራዩዋት እትዬ ወለተጻድቅ። «አሁን የምትለቅሚው ራስሽን ነው። ተይ፣ ታልቂያለሽ!»

«እሺ እትዬ፣ ተውኩት» ትላለች። የት ትተዋለች!

መቼም እንዲህ ያለ ሰው ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ትልቅ በደል የሠራ ሰው ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ፋሻ ያጠበቀች ሴት ናት እንቅልፍ የምታጣው። የዓለም ሥራ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ላይ የሰፈሩ የጨው ነጋዴ ነበሩ። ሸዋገነት በጨውና በሚዛን መሃል እየተንከባለለች አደገች፤ ከገጠር ከሚመጡት ገበያተኞች ጋር ስትጫወትም ኦሮምኛውን ለመደችው። የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለመግዛትና ለመሸጥ፣ ለመሰዳደብና ለመታረቅ ይበቃል። አባቷ ጦርነቱ ሳይጀመር ሞቱ። ንጉሡ ወጥተው ጣሊያን እስኪገባ ከተማው ሲዘረፍ ደግሞ ሱቁ ከነመደርደሪያው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጣሊያኖቹ ባለቤቱ የሸሸበትን አንድ ትልቅ ቤት ሐኪም ቤት አድርገው ቁስል የምታጥብ ሴት ሲፈልጉ፣ ነጭ ሽርጥ አገልድማ ገባች። ምን ታድርግ? ባዶ ቤት ቁጭ ብላ ጨው አትልስ!

ሐኪሙን ሁሉም «ዶቶሬ» ይለዋል። ቀጭን፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ደግ ነው ብሎ ለመማል ግን ያስቸግራል። በሽተኛው አያልቅም። ተስቦ የያዘው፣ የተቃጠለው፣ በቅሎ የረገጠችው፣ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚመጣው፤ አንዱን ሲያነሱ ሌላው ይወድቃል። ሸዋገነት ከጠዋት እስከ ማታ ስትሮጥ ትውልና ሲመሽ እግሯ የሷ አልመስል ይላታል፤ መሬቱን ሳትረግጥ በጉም ላይ የምትሄድ ነው የሚመስላት።

ያን ጊዜ የየካቲቱ ሦስት ቀን ካለፈ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በሦስቱ ቀን የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አላነሳውም። ከዚያ ወዲህ ከተማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም፤ ውሻ እንኳ መጮህ የተወ ይመስል ነበር። ጥይት ያገኛቸው፣ አካፋ ያረፈባቸው ሰዎች በእንጨት ጋሪ ላይ በባህር ዛፍ ቅጠል ተሸፍነው ይመጣሉ። የጣሊያንኛው አስተርጓሚ ፈቀደ «ግንድ ወድቆበት ነው» ይላል። ዶቶሬውም የጥይት ቀዳዳ እያየ «ግንድ ነው» ብሎ ያክማል። ስማቸውን ማንም አይጠይቅም። ወታደሮች አንዳንድ ቀን መጥተው አልጋ ለአልጋ ስለሚዞሩ፣ ስም የሌለው ሰው ይሻላል። ጠያቂም አይገባም፤ አንዲት ሚስት ድንገት «ወይኔ ባሌ!» ብላ ከጮኸች የሁሉም ነገር አበቃ። ጠያቂ እንዳይገባ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ፣ ጥቂት አማርኛ የለቃቀመ ጣሊያናዊ ዘበኛ ቆሟል። ለዘበኛው ትእዛዝ ነው፤ ለፈቀደና ለሸዋገነት ግን ቁስለኞቹን የሚደብቁበት መሸሸጊያ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እጁን፣ እግሩን፣ ጎኑን ያመመው ሰው በረንዳው ላይ ታይቶ፣ ቅባቱን ይዞ ይመለሳል። ሆዱን ያመመው ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፤ ተጋድሞ ሆዱ መዳበስ አለበትና። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ የወንዶቹን ክፍል አቋርጦ ማለፍ ግድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ጢም ብሎ ሳለ የአንዲት ሴት ተራ ደረሰ። ተራ ስትይዝ ስሟን ዱሬቲ፣ አገሯን ቀራንዮ ብላለች። ከሸዋገነት ጋር እኩያ ትሆናለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ከሰል ከሰል ትሸታለች። እንግዲህ በዚያ ቤት ከገጠር የመጣ ሰው ነገር በሦስት አፍ ነው የሚያልፈው፤ በዶቶሬው፣ በፈቀደና በሸዋገነት።

«ዶቬ ፋ ማሌ?» አለ ዶቶሬው ቀና ሳይል።

«የት ነው የሚያማት?» አለ ፈቀደ።

«ኤሳ ሲ ዱኩባ?» አለች ሸዋገነት።

«ገራ ኮ» አለች ዱሬቲ።

ሆዴን ማለቷ ነው። በኦሮምኛ ገራ ሆድ ነው፤ ሸዋገነት ይህን ጡት ሳትጥል ጀምሮ ታውቀዋለች። ነገር ግን በዚያች ሰዓት አንዱ ከኋላዋ «ውሃ!» እያለ ይጣራል፣ አንዷ ሽርጧን ይዛ ትጎትታታለች፣ ምድጃው ላይ የተጣደው የመርፌ ውሃ ይንተከተካል። ጆሮዋ ኦሮምኛውን ሰማ፤ ድካሟ በአማርኛ ተቀበለው።

«ግራዋን ነው» አለች።

«ሲኒስትራ» አለ ፈቀደ።

ዶቶሬው ዱሬቲን ከግራ ብብቷ ዝቅ ብሎ ጫን አደረጋት። «እዚህ?» ተባለች። «ኤዬ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። ዝቅ አድርጎ ሲጫናትም «ኤዬ» አለች። ዓይኗ ዶቶሬው ላይ አልነበረም፤ ከጀርባው ወዳለው ወደ ውስጠኛው በር ነበር። ቅባት በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጣት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዘበኛው «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሌላ ሰው ይግባ!» አላት። ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ሸዋገነት ምንም ሳታውቅ ቤቷ ገባች። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ምስሯን በሰፌድ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የዕለቱን ጥፋት መልቀም ጀመረች። አንዱ መርፌ ሲወጋ ቀኝ ክንዱን ልትይዝለት ሲገባ ግራውን ይዛለች። ለአንዷ «ማርያም ትማርሽ» ሳትላት አልፋታለች። ብርሃኑ ቀስ እያለ ከባህር ዛፉ ጫፍ ይወርዳል፤ ሰማዩ የተጠረገ ምድጃ መስሏል። ዓይኗ ክድን ክፍት ይላል።

እትዬ ወለተጻድቅ ከውስጥ ብቻቸውን ያወራሉ። «የዘንድሮስ ጾም! ምን እንደምበላ ግራ ገባኝ። ሆዴን እንደሁ ፈጀኝ።»

ሸዋገነት እጇን ምስሩ ላይ አቆመች።

ግራ። ሆድ።

«ገራ» አለች ቀስ ብላ። ቃሉ አፏ ውስጥ አንዴ ዞረ። ከዚያ ተነስታ ቆመች፤ ምስሩ ተደፋ።

«ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ አንቺ?» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ ብቅ ብለው።

«ሰው ገደልኩ እትዬ!»

«በስመ አብ! ማንን?»

«ሆዴን አለችኝ፤ እኔ ግራዋን አልኩ። ሆዷን ሳትዳበስ ቅባት ሰጥተን ሸኘናት። አንጀቷ ተቋጥሮ ቢሆንስ? ባለፈው ጥቅምት ሆዴን ያለው ሰውዬ እኮ በማግስቱ ነው የሞተው። እያየሁት! እኔ ነኝ ያጠብኩት!»

ነጠላዋን አንስታ ወደ አጥሩ ስትሄድ እትዬ ወለተጻድቅ ወገቧን ጥብቅ አድርገው ያዟት። ሲመሽ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ማን ነህ ሳይባል ነው የሚተኮስበት። «አብረሽ ሙችላት እንግዲህ! ሞተሽ ምን ልትጠቅሚያት? ሲነጋ ትሄጃለሽ። እስቲ ስሚኝ፣ ሲነጋ!» አሏት። እየጎተቱ አስገቧት፤ ደግሞ ራሳቸው አብረው አለቀሱ። አሮጊት እንዲህ ናት፣ ስትቆጣም ታለቅሳለች።

ሸለብ ሲያደርጋት በህልሟ መንገዱ ሁሉ ወደ ግራ ይታጠፋል። አንድ ቤት ትገባለች፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። «ሆድሽን አሳዪኝ» ትላታለች። ሴትዮዋ አትዞርም። ትወጣለች፤ መንገዱ ደግሞ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ደግሞ ያው ቤት፣ ደግሞ ያው ጀርባ።

እሑድ ወገግ ሲል ወጣች። የበልግ ጉም ምድሩን ሞልቶት አምስት ዛፍ ከፊቷ ይታያል፣ ስድስተኛው የለም። ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፤ ጉሙ ራሱ የሚደውል ነበር የሚመስለው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው ብላ ድምፁን ተከትላ ሄደች። እግሯ በእርጥብ ቅጠል ላይ ድምፅ የለውም። በመንገዷ ላይ እነዚያ የለመደቻቸው ጥፋቶች፣ ፋሻው፣ ጥጡ፣ ሳይሞቅ የቀረው ውሃ፣ አንድ በአንድ እየመጡ ዓይኗ ሥር ቆመው ይሄዳሉ። ዛሬ ማንኛቸውንም አላስተናገደችም። «መድኃኔዓለም፣ ቆማ ላግኛት። ሌላ ምንም አልለምንህም። ቆማ ላግኛት» ትላለች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ያንኑ ትላለች።

ቅጠል የምትጠርግ አንዲት ሴት አገኘችና የዱሬቲን ቤት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ በአገጯ ወደ ላይ አሳየቻት። ጉሙን ጥሳ ስትወጣ ጎጆው ብቅ አለ፤ ደጃፉ ላይ ዱሬቲ ጎንበስ ብላ የእንጨት ሸክም ታስራለች። ገመዱን በጉልበቷ ተጭና ስባ ስታጠብቀው ሆዱን ያመመው ሰው ቀርቶ ጥርሱን ያመመው እንኳ አትመስልም።

ሸዋገነት እዚያው እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ለቅሶው መጣ።

ዱሬቲ ገመዱን ለቀቀች። አወቀቻት፤ ግን አልቀረበቻትም። «ማን ላከሽ?» አለች በኦሮምኛ።

«ማንም አልላከኝ። ሆድሽ እንዴት ነው? ሆድሽን ንገሪኝ!»

«ሆዴ ምን ይሆናል?»

ሸዋገነት ሁሉንም ዘረገፈችው። ገራ ስትላት ግራ ብላ እንደሰማች፣ ማታ እንደታወሳት፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት እንደታገተች፣ ምስሩ እንደተደፋ ሳይቀር ነገረቻት። ዱሬቲ አጥሩን ዞር ብላ አየች፤ ከሸዋገነት ኋላ የሚከተል ሰው እንደሌለ ስታረጋግጥ ቀርባ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ሆዴን አላመመኝም» አለች። «ሆዱን ያመመው ወደ ውስጥ ይገባል ሲሉ ሰምቼ ነው። በወንዶቹ በኩል ያልፋል አሉኝ። አልፌ ልየው ብዬ ነው።»

«ማንን?»

ዱሬቲ እንደገና ወደ አጥሩ አየች።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም? ጎንሽ ቆሜ! በቋንቋሽ እያናገርኩሽ!»

«ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ነጭ ጨርቅ አገልድመሽ ከነጩ ጎን የቆምሽ። የነሱ ሰው አይደለሽም እንዴ? ምን ልበልሽ? ባሌን እየፈለግሁ ነው፣ አሳልፈሽ ስጪልኝ ልበልሽ?»

ሸዋገነት በዚያ ሁሉ አመሻሽ ራሷን ስትለቅም፣ በጣቷ መሃል ፋሻና ጥጥ ስታገላብጥ፣ ይቺኛዋ ጥፋት አንድ ቀን እንኳ እጇ ላይ ገብታ አታውቅም። እሷ የምትፈራው ሰው ማሳመም ነበር። ሰው እሷን ይፈራል ብላ አስባ አታውቅም። አሳፈራት፣ አናደዳትም፤ «እኔ እኮ…» ብላ ጀምራ ተወችው።

«ባልሽ ማን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ደሜ ነው ስሙ። እንጨት ሊሸጥ እንደወጣ ያን ዕለት አልተመለሰም። ሬሳውንም አላገኘሁ። ረጅም ነው። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፤ መጥረቢያ ነው የወሰዳት።»

ሸዋገነት ያን እጅ ታውቀዋለች። ሦስት ሳምንት አጥባዋለች። በጥጉ አልጋ ላይ የተኛው፣ አገጩ በጥይት ተሰብሮ በፋሻ የታሰረው፣ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቀው ሰው ነው፤ «ዝምተኛው» ይሉታል። ዱሬቲ ፊቷን እያየች ነበርና ሳትነግራት አወቀች።

«አለ?» አለች።

«አለ።»

«በሕይወት?»

«ትናንት ማታ ነበር።» ሸዋገነት መዋሸት አልሆነላትም። «ዱሬቲ፣ ቁስሉ መርቅዟል። ከዓርብ ጀምሮ እሳት ነው የሚመስለው። ዶቶሬውም አይቶት ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ቶሎ እንሂድ።»

ዱሬቲ የእንጨቱን ሸክም ተራምዳው ሄደች። ደጃፏን እንኳ አልዘጋችም። ሸዋገነት ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ የሚሆነውን ታስረዳታለች። «ስታዪው እንዳትጮሂ። ስሙንም እንዳትጠሪው። ሚስት መሆንሽን ዘበኛው ካወቀ ነገ ወታደር ይመጣል፤ ለሱም ለሌሎቹም አይበጅም። የመጣብሽን ሁሉ ሆድ ይፍጀው በይ። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች ዱሬቲ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ጉሙ እየሳሳ ነበር፤ ፀሐይዋ ከውስጡ እንደ ወተት ነጥታ ትታያለች። ከሁለቱ ሴቶች አንዳንዴ አንዷ ትጠፋለች፣ አንዳንዴ ሌላዋ።

እሑድ ዶቶሬው አይመጣም። ዘበኛው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ዛሬ ሐኪም የለም፤ መልሺያት» አለ።

ፈቀደ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ዱሬቲን አየና ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይቺ ትናንት የመጣችው አይደለችም? ግራ ጎኗን ነው አላልሽም?»

ያቺ ሸዋገነት፣ ጥፋቷን ለምስርና ለሰፌድ ብቻ የምትናዘዘው ሸዋገነት፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። «ተሳስቼ ነው! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ሆዷን ነው የሚያማት፣ ሆዷን! ገብታ ትተኛ!»

ፈቀደ ሞኝ አይደለም። የሸዋገነትን ጭቃ የለበሰ እግር አየ፣ የዱሬቲን ደረቅ ዓይን አየ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሮ የራሱን ሆድ መታ መታ አደረገና «ፓንቻ» አለው፤ ሆድ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ። ዘበኛው እግሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው።

የወንዶቹ ክፍል መስኮት በባህር ዛፍ ቅጠል ጥላ ይጨልማል ይበራል፤ ሰዎቹ ወንዝ ውስጥ የተኙ ነበር የሚመስሉት። ዱሬቲ ከመጀመሪያው አልጋ ጀምራ አልፈለገችም። በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደች። ተንበረከከች። ያቺን ጣት የጎደላትን እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ያዘች።

ደሜ ዓይኑን ገለጠ። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ትኩሳቱ ያመጣት መስሎት ይሆናል። እሷ ነጠላዋን ከፊቷ ገለል አደረገችለት። ያን ጊዜ አወቃት፤ እንባው ወርዶ ፋሻው ውስጥ ገባ። ዱሬቲ የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ መሃል አድርጋ ነከሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ሸዋገነት በሩን በጀርባዋ ጋርዳ አንዱን ፋሻ ትጠቀልላለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች። ጎን ለጎን የተኙት ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩላቸው።

«ሆዷን» ስለሆነ ሌሊቱንም ታድራለች ተባለ። ፈቀደ ነው ያለው። ዱሬቲ በጥጉ አልጋ ሥር መሬት ላይ አደረች። ሰኞ ሲነጋጋ ደሜ እጁ እጇ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ዱሬቲ ያን ጊዜም አልጮኸችም። ሬሳውን በጋሪ ሲያወጡት እንደማታውቀው ሰው ራቅ ብላ ተከተለች፤ ሸዋገነትም ሥራዋን ጥላ ተከተለቻት። ገበያውን አልፈው፣ ቤቱ ሁሉ አልቆ፣ ጫካው ውስጥ ሲገቡ ዱሬቲ ቆመች። ከዚያ ጮኸች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስቀመጠችውን ጮኸች፤ ባለጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሸዋገነት ደረቷን እየመታች አብራት አለቀሰች።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀብረውት ተመለሱ። ሸዋገነት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጀምሮ አንድ ነገር ልትነግራት ፈልጋለች። ሳትናገረው ብትቀር ዕድሜ ልኳን ስትለቅመው እንደምትኖር ገባት።

«ቅዳሜ ከሰዓት» አለች። «አንቺን በረንዳው ላይ አናግረን እንደሸኘንሽ ወደ ውስጥ ገባሁ። ደሜ ራሱን ከትራሱ ሊያነሳ ይታገል ነበር። ተነስቶ አያውቅም ነበር። ዓይኑም ወደ በሩ ነበር። ድምፅሽን ሰምቶ ነው፣ ዱሬቲ። እኔ ውሃ የጠማው መስሎኝ መልሼ አስተኛሁት። አንድ ቀን ወስጄብሻለሁ።»

ዱሬቲ ቆማ አየቻት።

«አዎ» አለች። «ወስደሽብኛል።»

ሸዋገነት አንገቷን ደፋች። የጠበቀችው «ኧረ አይዞሽ፣ ምንም አይደል» የሚባለውን ነበር፤ ሰው ለሰው የሚለውን። አልመጣም። ነፋሱ በዛፎቹ አናት ላይ ሄዶ ሲመለስ ይሰማል።

«ውሃውን ጠጣ?» አለች ዱሬቲ።

«እ?»

«ያን ዕለት የሰጠሽውን። ጠጣው?»

«ጠጣ። አገጩ ስለታሰረ ጥጥ እያነከርኩ ከንፈሩ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁለት። ብዙ ጠጣ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

ሸዋገነት ግራ ተጋብታ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ዱሬቲ እጇን ተቀበለቻት። መዳፉን ገልብጣ አየችው፤ በሳሙናና በመድኃኒት ቆዳው የተላላጠ እጅ ነው። ጉንጯ ላይ አድርጋ ያዘችውና መንገዱ መሃል እንደቆመች እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል። ሸዋገነት እጇን አልሳበችም።